የማይቸኩለው ሰውዬ

ያቺ ቁራጭ ፕላስተር ዛሬም ከቪዲዮ ካሴቱ ጠርዝ ላይ እንደተለጠፈች ናት። ቢጫ ሆናለች፤ ጣቴን ሳሳርፍባት ትይዘኛለች። ካሴቱን ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ። «የእማዬ ሳጥን ውስጥ ነበር» አለችኝ። ገና ሳየው የድሮው ንዴቴ ተነሣብኝ፤ አትፍረድብኝ።

ያኔ አሜሪካ፣ ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ብሉሚንግተን በሚባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። እንግዳ ረስቶት የሄደ ዕቃ ሦስት ወር ጠያቂ ካጣ ላገኘው ሠራተኛ ይሰጥ ነበር። እንደዚያ ነው ጃንጥላው፣ ነጠላ ጓንቱ፣ በኋላም ይኼ ካሴት ቤታችን የገባው። የሆቴል ሳሙና ይሸት ነበር።

ካሴቱ ላይ አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ ባሕር ላይ፣ በረጅም የውሃ መንሸራተቻ ሰሌዳ ቆሞ ማዕበል ይጋልባል። ወጣቶቹ በአጫጭር ሰሌዳ እየተገለባበጡ ውሃ ሲረጩ እሱ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያሳለፈ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ይራመዳል። የድሮ ሰዎች አጋላለብ ነው፤ ወጣቶቹ ሁሉ እሱን አይተው ነው የጀመሩት ይባልለታል። እኔ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛዬ ይሳቅብኝ ነበር፤ መልስ ለመስጠት ስጣደፍ ይብስብኛል። አሜሪካ ውስጥ የማይቸኩል ሰው ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። ወደድኩት።

ከመኝታ ቤቴ እስከ ሳሎን ያለውን ኮሪደር በካልሲ እንደ እሱ እሄደው ጀመር። ስምንት እርምጃ ነው። የበረዶው ብርሃን በመስኮት ሲገባ ወለሉ ውሃ ይመስላል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ተጠላልፈሽ ትወድቂያለሽ!» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ከውጭ ስገባ አባቴ የተዋሰውን ካሜራ ከቪዲዮ ማጫወቻው ጋር አገናኝቶ፣ እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ላሳደገችኝ አክስቴ ሰላምታ ሊልኩ ነው። አባቴ የኔን ካሴት፣ እላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀረጽ ጠርዙ ላይ የተተወችውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍኖ፣ ማጫወቻው ውስጥ ከቶታል።

«የኔ ነው እኮ!» አልኩ።

«ባዶ ካሴት አጣሁ፤ እዚህ ላይ ሪከርድ እናደርጋለን። የማታውቂው ፈረንጅ ነው። ነይ፣ አክስትሽን ሰላም በያት።»

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት። አባቴ ሁለቴ ተጣራ። እናቴ ለካሜራው «ትምህርት ቤት ናት» ስትል ሰማኋት። በቅዳሜ!

ከሁለት ወር በኋላ የአክስቴ ደብዳቤ መጣ። «ሁላችሁንም አየኋችሁ፤ እሷን ግን አጣኋት። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሰውዬ ማነው? ውሃ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ እንዴት ደስ ይላል! ጎረቤት እየሄድኩ ደጋግሜ አየሁት። እግዜር ይጠብቀው።» ለካ ሰላምታው አጭር ነበርና የሰውዬው ፊልም መጨረሻው አልጠፋም። እሰይ አልኩ። አባቴን ያሸነፍኩት መሰለኝ። በዚያው ክረምት አክስቴ ሞተች፤ ሌላ ካሴት አልላክንላትም።

ትናንት አሮጌ ማጫወቻ ፈልጌ አየሁት። አባቴ ጸጉሩ ገና ጥቁር ነው። እናቴ ስትዋሽ ዓይኗን ትሰብራለች፤ ከኋላዋ ኮሪደሩና የተዘጋው የመኝታ ቤቴ በር ይታያሉ። ከዚያ ሰውዬው መጣ። አክስቴ የመረቀችው እሱን ነው፤ እኔን ፈልጋ በሩን ነው ያየችው። ከበሩ እስከ ካሜራው ያው ስምንት እርምጃ ነበር፤ በየቀኑ እሄደው ነበር።