ያልተመረመረው ደም

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የዕረፍት ደወል ገና መደወሉ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በቤተ ሙከራው መስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «ቲቸር፣ አንዲት እናት በር ላይ ይፈልጉሻል» አለኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። አሁን በማስተምርበት በአምቦ፣ ገና የተመረቀ አንድ ባልደረባዬ መጥቶ የደም ዓይነት መለያው ፈሳሽ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ። «ተማሪዎቹ የእናትና የአባታቸውንም የደም ዓይነት ጠይቀው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ወንበር ስቤለት እንዲቀመጥ ለመንኩት። ረጅም ወሬ ማውራት የማይሆንልኝ ሰው ነኝና እሱም ሳይገርመው አልቀረም። ያወራሁለት የሚከተለውን ነው።

ያን ጊዜ እንጭኒ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ዓለም ስለሆነ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የእንጭኒ ጠዋት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ከአፌ እንፋሎት ይወጣል። ወሩ ኅዳር ነበር። ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ከሙገር በኩል የሚመጡት ከባድ መኪኖች የሚያነሡት አቧራ በተሰበረው መስኮት እየገባ ሰሌዳው ላይ ይተኛል።

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ምዕራፎች ሁሉ የዘር ውርስን እወድ ነበር። ምክንያቱን አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያ ምዕራፍ በብዛት ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ነው፤ ለዓይን አፋር መምህር ደግሞ ለተማሪ ጀርባ ሰጥቶ መጻፍን የመሰለ ዕረፍት የለም። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ባዮኤቲክስ ግን ፊትን ወደ ሰው ማዞር ይጠይቃል። ስለ ሰው አካል ማን ምን የማወቅ መብት አለው፣ ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ ነው፣ የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። እኔ ትርጉሙን ከመጽሐፉ አጽፌ ደወሉን እጠብቅ ነበር።

ለዓርብ ጠዋት የደም ዓይነት ምርመራ አዘጋጅቼ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራንም በየዓመቱ ያሠሩት የነበረ ነው። ተማሪው ጣቱን ይወጋል፣ የደሙን ዓይነት ይለያል፣ ከወላጆቹ ጋር እያስተያየ ውርሱን ያሰላል። ርዕሰ መምህሩ ፈሳሹን ከጤና ጣቢያ ለምኖ አምጥቶልኝ ስለነበር እኔም ኮርቼበታለሁ።

በሩ ላይ የጠበቀችኝ ሴት አጠር ያለች፣ የወንድ ሹራብ ለብሳ ሻሽ ያሰረች ናት። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ የሞላ ቅርጫት ይዛለች።

«አከም ቡልቴ፣ ባርሲስቱ» አለችኝ። እንዴት አደርሽ፣ መምህርት ማለቷ ነው። «ብርቄ እባላለሁ። የሌንሴ እናት ነኝ።»

እናት የምትለዋን ቃል ከባድ ሸክም በጥንቃቄ እንደሚያወርድ ሰው ነው ያስቀመጠቻት። ሌንሴን ማን አያውቃትም። ከኋላ ተቀምጣ ክፍሉን የምታስቀው ልጅ ናት።

«ነገ የልጆቹን ደም ትወስጃለሽ አሉ።»

«አንዲት ጠብታ ናት፣ አዴ ብርቄ። አያምም» አልኳት፤ አዴ በአካባቢው ለእናቶች የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«ሕመሙን ማን ፈራ? ደሙ ምን ምን ይናገራል?»

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ስለ ደም ዓይነቶች ማብራራት ስጀምር አቋረጠችኝ። «እኔም አባቷም ኦ ነን። እሱ አምቦ ሐኪም ቤት ተኝቶ ደም ስሰጠው ነግረውናል። እሷ ሌላ ሆና ብትገኝስ?»

ከሁለት ኦ ወላጆች የሚወለድ ልጅ ኦ ነው። ሌላ ከሆነ፣ ብዬ ጀመርኩ። የጨረሰችው እሷ ናት።

«አልወለድኳትም» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ገና ሳትድህ ነው ከጊንጪ ወዲያ ካሉ ሰዎች የተቀበልናት። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጃችሁ ናት ብሎ መርቆናል። ጉዲፈቻ በኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ከተመረቀ በኋላ ሌላ ቃል መናገር ነውር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም። አሁን አንቺ በአንዲት ጠብታ ልታወጪው ነው?»

ዓይኔን ወደ ቅርጫቷ መለስኩ።

«አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ዘንድሮ ተፈትና ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ይህን አውቃ ከሄደች ወደ እኔ አትመለስም። የፈለግሽውን አድርጊ፤ መምጣቴን ግን አትንገሪያት። አደራ።»

ከቅርጫቷ አንድ የቅቤ ጥቅል አውጥታ ዘረጋችልኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«ጉቦ መሰለሽ? ጉቦ አይደለም፤ ጸጉርሽ ደርቋል» ብላኝ ሄደች።

በምሳ ሰዓት ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሌንሴ ነበረች።

«ቲቸር፣ ነገ ብታመም ይሻላል ወይስ ብቀር?»

«ምን ሆነሻል?»

«እስካሁን ምንም። ነገ ጠዋት ግን ሆዴን ሳያመኝ አይቀርም።»

ሳቄ ሊመጣ ሲል ፊቷን አየሁት። እየቀለደች አልነበረም። በሩን ዘግታ መጣችና ጠረጴዛውን በጥፍሯ እየፋቀች፣ እናቷን በኦሮምኛ ሀርሜ እያለች ነገረችኝ። «ሀርሜ አልወለደችኝም። አምስተኛ ክፍል ሆኜ ውሃ ስንቀዳ የተጣላችኝ አንዲት ልጅ ናት የነገረችኝ። ሀርሜ እንደማውቅ አታውቅም። ደሜ ሌላ ሆኖ ወጥቶ ወሬው ቤት ቢደርስ፣ እናቴ አይደለሽም ያልኳት ይመስላታል።»

«ልታነጋግሪያት አልፈለግሽም?»

«ምን ብዬ? ጎረቤት ሲያጫውታት እንኳ ጊንጪ የሚባል ስም ከተነሣ ተነሥታ ምድጃ ትቆሰቁሳለች። የምትፈራው ጥያት እንዳልሄድ ነው። የት እሄዳለሁ፣ ቲቸር? ቅቤዋንስ ማን ይመዝንላታል?» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አደራዎን፣ እንዳይነግሯት።»

ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። እኔ ምሳዬን ሳልነካ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር አንዷ ከሌላዋ እንድደብቅላቸው አደራ ሰጥተውኛል። ለእናትየው፣ ልጅሽ ታውቃለች፣ አትሄድብሽም፣ ብላት ጭንቀቷ በአንድ ቃል ይወርድ ነበር። ግን ቃሉ የእኔ አይደለም። ለልጅቷም እንዲሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሳጽፈው የኖርኩት ምዕራፍ ዞሮ መጥቶ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ። በእኔ ሥልጣን ሥር ያለው ምርመራው ብቻ ነበር። እሱን ለመተው ወሰንኩ። አዴ ብርቄም እስከ ነገ ስትጨነቅ እንዳታድር፣ ከትምህርት በኋላ ገበያ ሄጄ ልነግራት አሰብኩ።

ገበያው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር የደረስኩት። በጉም ሰውም አንድ ላይ ይጮኻል። የነጭ ሽንኩርቱና የአዲሱ ገብስ ሽታ ከአቧራው ጋር ተደባልቋል። ባዶ እጄን ሰው መሀል መቆም ስለሚያስፈራኝ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። እየቆረጠምኩ ወደ ቅቤ ተራ ስዘልቅ፣ ያላሰብኩት ነገር ጠበቀኝ። ሌንሴ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሚዛን ይዛለች። ቅቤዋን ማን ይመዝንላታል ያለችኝን ሰምቼ ሳበቃ ይህን አለመገመቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ልመለስ ስል አዴ ብርቄ አየችኝ።

አንድ ደንበኛ ቆሞ ይከራከራታል። «ይህ ቅቤ ነው ወይስ ሙዝ? እንዴት ነው እንዲህ የለሰለሰው?»

«ሙዝ ከሆነ ልጠህ ብላዋ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ነይ፣ ባርሲስቱ። ጸጉርሽ መከረሽ መሰለኝ።»

ሁለቱም እያዩኝ ነው። የአንደኛዋ ዓይን አደራ ይላል፤ የሁለተኛዋም አደራ ይላል። እኔ ቅቤውን እያየሁ፣ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ ተቻኩዬ ተናገርኩ። «የነገውን የደም ምርመራ ትቼዋለሁ። የማንም ተማሪ ደም አይመረመርም። ወላጅም አይጠየቅም።»

«ተመስገን» አሉ።

ሁለቱም ናቸው ያሉት፤ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሚዛኑ በሌንሴ እጅ ዘንበል አለ። አዴ ብርቄ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺን ምን ተመስገን አሰኘሽ?»

«አንቺንስ?» አለች ሌንሴ።

አፌ ውስጥ ያለው ቆሎ ድንጋይ ሆነብኝ። መሄድም መቆምም አልቻልኩም።

«አውቃለሁ፣ ሀርሜ» አለች ሌንሴ፣ ሚዛኑን መሬት አስቀምጣ።

«ምኑን?»

«የማትነግሪኝን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምስተኛ ክፍል ሆኜ።»

አዴ ብርቄ ስትናገር ወደ እኔም ወደ ደንበኛውም አላየችም። «ያን ዓመት ነው እንግዲህ፣ ካንቺ ጎን ካልተኛሁ ብለሽ ያስቸገርሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ብርዱ መስሎኝ።»

«ብርዱም ነበር» አለች ሌንሴ።

ደንበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እናንተ ሰዎች፣ ቅቤው ይመዘናል ወይስ ልሂድ?»

«ቆይ አንተ፤ ሙዝህ የትም አይሄድም» አለችው አዴ ብርቄ። እንባዋን ቅቤ በነካው መዳፏ ጠራረገችውና ፊቷ በሙሉ አብረቀረቀ። ከዚያ ለልጇ በኦሮምኛ፣ ለእኔም በሚሰማ ድምፅ፣ እንዲህ አለቻት፦ ሰዎቹን ማየት በፈለግሽ ቀን እኔው እወስድሻለሁ፤ ብቻሽን ግን አትሄጂም።

«መጀመሪያ ፈተናው ይለፍ» አለች ሌንሴና ሚዛኑን አነሣች።

ያን ዕለት ቅቤውን አልቀበልም ማለት አልቻልኩም። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ክንዴ ሥር አስገባችልኝ። ወደ ተከራየሁት ቤት ስሄድ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሄዷል። መንገድ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሰላምታ ሰጠሁ። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባልደረባዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ተማሪዎቹን ምን አልሻቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ተመስገን ባይሉ ኖሮ ነገሩ እንዴት ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ ሁሌም ገበያ መሀል እንዲህ አይገጥምም። ደም ተወስዶ ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ግን የሚመለስ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ በማግሥቱ ያደረግሁትን ነገርኩት።

ዓርብ ጠዋት ፈሳሹንና መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። የማንም ተማሪ ደም አይወሰድም ስል ከኋላ የቅሬታ ድምፅ ተሰማ፤ አንዱም፣ «ቲቸር፣ ፈርተው ነው?» አለ። አዎ አልኩት። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጥኩና ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ፣ የአንድ ሰው ደም የሚናገረውን የማወቅ መብት የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዱ የሐኪሙ ነው አለ፣ ሌላዋ ለጋብቻ የመጣው ሰው መብት ነው አለች፣ ተሳሳቁ፣ ተከራከሩ። ሌንሴ እጇን አውጥታ፣ «መጀመሪያ የባለቤቱ ነው፤ እሱም ሲፈልግ» አለች። እኔም እሷ ስትቀመጥ እጅጌዬን ሰበሰብኩና፣ ሁሉም እያዩኝ፣ የራሴን ጣት ወጋሁ።