ቁጥሩን የቀየርኩ ቀን

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለ አምስቱ ዓመት ብዙም የምለው የለኝም። ቫይረስ ሳጠፋ፣ የተነቀለ ገመድ ስሰካ፣ በር ላይ "ሲስተም የለም" የሚል ወረቀት ስለጥፍ አለፉ። የመጨረሻው ዓመት ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

መዝገብ ቤቱን የሚመሩት አንዲት ሃምሳውን የተሻገሩ ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ሲዳማ ናቸው፤ ከገጠር ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሽማግሌዎችን በቋንቋቸው ያነጋግሩና ጉዳያቸውን ራሳቸው ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይዞሩላቸው ነበር። የሠራተኛው ሁሉ ሕይወት ከእሳቸው ጀርባ ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤው፣ የፍቺ ውሳኔው፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ የተቀጣው፣ የተመሰገነው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ስለ ማንም አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አልሰማሁም። "የማነበውን ባወራ ኖሮ እዚህ ቢሮ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው አይኖርም ነበር" ብለውኛል አንድ ቀን፣ እየሳቁ።

ከዚያ ሲስተሙ ተገዛ። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው ነው ተባለ። የሠራተኛው ፋይል በሙሉ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ የዓመት ፈቃዱንም ሆነ ደመወዙን እዚያው ያያል። አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ግድግዳው ላይ እያሳየ አስረዳን፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ጠጣን።

እትዬ ግን ፋይሉን አላስረክብም አሉ። የሥራ ሂደቱ ባለቤት፣ ማለትም አለቃዬ፣ እንዳግባባቸው እኔን ላከኝ። (ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ።)

"ልጄ፣" አሉኝ እትዬ፣ "ይሄ ነገር እዚያ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያነበዋል?"

"የተፈቀደለት ብቻ ነው እትዬ።"

"እዚህ እኮ የማነብም የማላነብም እኔ ነኝ። እዚያ ማን አለ?"

"ከእርስዎ ቁልፍ የሲስተሙ ቁልፍ ይጠብቃል፤ ይመኑኝ።"

አመኑኝ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። ያንን ስናገር የፕሮግራሙን አንድ መስመር እንኳ አላየሁም ነበር።

ማየት ነበረብኝ። ሌላው ባይገባው እኔ ይገባኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ ነፃ ሶፍትዌር የያዙ ሲዲዎች ከውጭ አገር በፖስታ ይላኩልኝ ነበር። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ፖስታውን እያገላበጠች "ምንም ሳትከፍዪ? ምን ፈልገው ነው?" ትለኝ ነበር። ምንም አልፈለጉም። ኮዱ ክፍት ነው፤ አንብቢው፣ ቀይሪው፣ ለሰው ስጪው ብለው ነው የላኩት። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከመምህሮቼ ይልቅ እነዚያን ሰዎች እያነበብኩ ነው። እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የጻፈው ሰው ስም አለ፤ ስህተት ያገኘ ሰው ስምም ከሥሩ ይጻፋል፣ ምስጋና ተጨምሮበት። ስህተት አገኘሁ ብሎ የሚናገር ሰው የሚመሰገንበት ዓለም አለ ብዬ አምኜ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ሞኝነቴ ከዚያ ይጀምራል።

ሲስተሙ ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ቀን የቀረኝን ፈቃድ ለማየት ፋይሌን ከፈትኩ። ከስክሪኑ አናት የሚታየው የገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ የፋይሌ ቁጥር ተጽፏል። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ የመጨረሻዋን አኃዝ ቀየርኳትና ተጫንኩ። የአንድ ሾፌራችን የፍቺ ውሳኔ ፊቴ ድቅን አለ።

ዘግቼ ሌላ ቁጥር ሞከርኩ፤ የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ መጣ። ሌላም አልሞከርኩም። የይለፍ ቃል የተሰጠው ማንኛውም ሰው የማንንም ፋይል ማንበብ ይችል ነበር። የሚያስፈልገው ቁጥር መቁጠር ብቻ ነው።

በቀጥታ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሳስረዳው አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም።

"ድርጅቱ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው ብሎ ፈርሟል እኮ።"

"ላሳይዎት እችላለሁ። የማንን ፋይል ልክፈት?"

"የእኔን ክፈቺ እስቲ" አለ ፈገግ ብሎ።

ከፈትኩለት። ፊት ለፊት የመጣው በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የተሰጠው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበር። ፈገግታው ጠፋ። ደብዳቤውን አየ፣ እኔን አየ። ቀዳዳውን ግን አላየም።

"አንብበሽዋል?"

"አሁን ከእርስዎ ጋር ነው ያየሁት።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"እርስዎ ክፈቺ ስላሉኝ—"

"ዝጊው። ለማንም እንዳትተነፍሺ። ድርጅቱን እኔ አነጋግራለሁ።"

አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ምንም የለም። በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ ፋይሎቹ ለሁሉም ክፍት መሆናቸውን፣ ሲስተሙ ማን ምን እንደከፈተ የማይመዘግብ መሆኑን፣ እስኪስተካከል መዘጋት እንዳለበት። ደብዳቤው ገቢ የሚሆነው ደግሞ እትዬ ጋ ነው። መዝገባቸው ላይ ቁጥር ሊሰጡት ጉዳዩን አነበቡ፤ የሠራተኞች ፋይል ክፍት መሆኑን ስለማሳወቅ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ክፍት ማለት?"

"ይስተካከላል እትዬ፤ ትንሽ ነገር ናት።"

አንገታቸውን ነቅንቀው ማህተሙን መቱበት።

ከድርጅቱ ያ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት መጣ። ኮዱን እንየው ስለው "ለደኅንነት ሲባል ሚስጥር ነው" አለኝ። አለቃዬ ዓሣ ሊጋብዘው ወደ ሐይቁ ይዞት ሲሄድ ሰርቨሩን ከፈትኩት። የሰርቨሩ ክፍል ኃላፊነት የእኔው ስለነበር የሰበርኩት በር የለም። ኮዱን ገና ሳየው የማውቀው መሰለኝ። ነፃ ሶፍትዌር ነበር፤ ያውም ያረጀ። የጸሐፊዎቹ ስም ከየገጹ አናት ተፍቆ የድርጅቱ ስም ተተክቷል። አንድ ገጽ ላይ ብቻ መፋቁን ረስተውታል።

የቢሮው መስመር ስለማይሠራ ያንን ስም ይዤ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ፈለግኩት። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ያንኑ ቀዳዳ ከዓመታት በፊት አግኝተው፣ በይፋ ተናግረው፣ መድፈኛውን ለማንም ሰው በነፃ አስቀምጠዋል። የቸገረ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከየት እንደመጣ ስለተፋቀ፣ መድፈኛ እንዳለው የሚያውቅ ሰው እኛ ጋ አልነበረም። ለሁሉም የተሰጠን ነገር ሰርቀው፣ ሚስጥር ነው ብለው ሸጡልን። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር በረጋ ድምፅ ማውራት አልችልም።

መድፈኛውን አትሜ በሁለተኛ ደብዳቤ አስገባሁ። ወጣቱ ያደረገው ግን ምን መሰላችሁ? አድራሻው የሚታይበትን ቦታ ከስክሪኑ ላይ ደበቀው። "ተስተካክሏል" የሚል ሪፖርት ጻፈ። አድራሻውን እንደገና ማውጣት ሁለት ቁልፍ መጫን ነው፤ ይህን የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አልነበረም።

የወሩ ግምገማ ደረሰ። አለቃዬ ስሜን ሳይጠራ ጀመረ። "አንዳንድ ባለሙያዎች የመንግሥትን ሲስተም ስም በማጥፋት ተፈላጊነታቸውን ለመጨመር የሚያደርጉት ጥረት የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው።" ቀጥሎ በአንድ ለአምስት ቡድኔ ውስጥ ያለ ሰው ተነሥቶ ያልተፈቀደላትን ፋይል ስትከፍት ታይታለች አለ። ሻይ አብረን የምንጠጣ ሰው ነው። ሂሱን ትቀበያለሽ ወይ ተባልኩ።

ተቀበልኩ። "በችኮላ መሄዴ ስህተት ነው" አልኩ፤ ይኸው አፌ። አዳራሹ ውስጥ እትዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በሐሰት ስም የተከፈተ የከተማው የወሬ ገጽ ነበር፤ የሹማምንቱን ጉድ ያወጣል ተብሎ ሁላችንም የምንከታተለው። እኔም ጭምር። እዚያ ላይ የአንድ ፋይል ፎቶ ወጣ። እትዬ ልጃቸው የሞተ ጊዜ ለሦስት ወር የአእምሮ ሕክምና የወሰዱበት የሐኪም ደብዳቤ ነው፤ ስማቸው ሳይሸፈን። ከላይ "የመንግሥት ሚስጥር በማን እጅ እንዳለ እዩ" የሚል ተጽፎበታል።

ከሥሩ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ምነው ባላነበብኩት። በሳቅ የሚያነባ ፊት ተደርድሯል። "እብድ ናት እንዴ ፋይሌን የያዘችው" ያለ አለ። "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" ያለ አለ። አንዱ በልጃቸው ለቅሶ ድንኳን ተካይ የነበረ፣ አብሬው ድንች የላጥኩ ሰው ነው፤ እሱም በስሙ፣ በፎቶው፣ የሳቅ ምልክት አድርጓል። ፊት ለፊት ቢያገኛቸው ትከሻቸውን ስሞ ነው የሚያልፈው። ገጹን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው አጥፋው ብዬ ጻፍኩ። "የሚደብቁት ከሌለ ምን ያስፈራቸዋል?" ብሎ መለሰልኝ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ወደ አንድ ዘፋኝ ሠርግ ዞረ፤ ፎቶው ግን እዚያው ቀረ።

እትዬ በማግስቱ ሥራ አልገቡም። ከዚያም በኋላ አልገቡም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የጠራው እኔን ነው። አለቃዬ ሰብሳቢ ሆኖ ተቀምጧል።

"ፋይል መክፈት እንደሚቻል የምታውቀው ማን ነበረች?"

"ያሳወቅኩት እኔ ነኝ። በሁለት ደብዳቤ።"

"እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለም።"

"ገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥር አለው፤ ይምጣ።"

"መዝገቡ ሥራው ወደ ሲስተሙ ስለዞረ ተወግዷል።"

"እንግዲያውስ ማን እንደከፈተ ሲስተሙ ይናገር" አልኩ። አለቃዬም እንደማይመዘግብ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ጥፋቱ እኔ ላይ አልተረጋገጠም፤ ንጹሕ መሆኔም አልተረጋገጠም። ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሬ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ስለጥፍ ከረምኩ።

ከብዙ ማመንታት በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ባጃጅ ይዤ ታቦር ሰፈር፣ እትዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከስተዋል። ሳሎን አስቀመጡኝና ከፊቴ ተቀመጡ።

"አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም እትዬ። በእግዚአብሔር ስም እምልልዎታለሁ።"

"አትማዪ። እሺ።" ቀጠሉና፣ "አንቺ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰው ከሆነ ይቅር ይባላል። ጌታም ይረዳል። አሁን ግን ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉም ሆኑብኝ። ገበያ ስወጣ ሰላም የሚለኝን ሁሉ፣ ይሄ ነው? ይቺ ናት? እላለሁ።"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ቀጠሉ።

"ደብዳቤውን ገቢ ሳደርግልሽ፣ ክፍት ማለት ምንድነው ብዬሽ ነበር።"

"አዎ።"

"ይስተካከላል አልሽኝ። እንደማይስተካከል ታውቂ ነበር?"

ልዋሽ ፈለግኩ። "እጠረጥር ነበር" አልኩ።

"ያን ቀን ብትነግሪኝ ወረቀቴን አስወጣው ነበር እኮ" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ሌላውን ሁሉ ተዪው። እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው።"

ሻይ ላፍላልሽ አሉኝ፤ አይ አልኩ። እስከ በር ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ጡረታቸውን ቀድመው አስከብረው ገጠር እህታቸው ጋ ገቡ ሲባል ሰማሁ።

እኔም ዓመቱ ሳያልቅ ሥራውን ለቅቄ እዚያው ከተማ ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ሲያወሩ ሰዎች ጠላፊ፣ ቫይረስ፣ የውጭ ጠላት ይላሉ። እኔ ያየሁት ጠላፊ የለም። የተሰረቀ ኮድ፣ ማፈር የማይችል አለቃ፣ በሰው ቁስል የሚስቅ ሕዝብ፣ እና ይስተካከላል የምትል አንዲት ባለሙያ ነው ያየሁት።

በአዲሱ መሥሪያ ቤቴ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ስብሰባ ተጠራን። ርዕሱ የምርጥ ተሞክሮ ልውውጥ ነው። መድረኩ ላይ የወጣው የቀድሞ አለቃዬ ነበር፤ ሹመት አግኝቷል። ግድግዳው ላይ ያሳየን ያንኑ ሲስተም ነው፤ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ተቀይሯል፣ ስሙም ተቀይሯል። ሠራተኛው ራሱ ፋይሉን እንደሚያይ፣ ወረቀት እንደሚቀር፣ ደኅንነቱ እንደተረጋገጠ ተናገረ። ሲያበቃ ጥያቄ ያለው ብሎ አዳራሹን ቃኘ። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆም አለ።

ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ስብሰባው አበል አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ፣ የቀድሞ አለቃዬም ሳቀ። እኔ እጄን አላነሣሁም። ሲጨበጨብ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።