ኮምፒውተሩ ያላስቀመጠው መልስ

ጋይንት ውስጥ በአንድ የገጠር መሬት ቢሮ፣ የባለይዞታዎች ስም የተከማቸበትን የኮምፒውተር መረጃ ቋት የምከታተለው እኔ ነኝ።

ወደ እኔ የሚመላለሱ አንዲት ሴትዮ አሉ። መጀመሪያ የመጡት ቤታቸው ተቃጥሎ የይዞታ ደብተራቸው አብሮ ስለነደደ ምትክ ሊጠይቁ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ከአርብ ገበያ ማዶ ገብስ የሚያዘሩበት አንድ ማሳ አላቸው። ማሳውን ፈልጌ ስማቸውን አገኘሁት። ማንበብ ስለማይችሉ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እፎይ አሉ። የደብተር ማተሚያ ወረቀት አልቆብን ስለነበር ሲመጣ እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

ክረምቱ አልፎ ሲመለሱ በዚያው ማሳ ላይ የወጣው የባላቸው ወንድም ስም ነበር።

ማን እንደቀየረው ፈለግሁ። ያኔ ሁላችንም የምንገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ኮምፒውተሩ ከቢሮው ሰው መግባቱን ይዟል፤ ማን እንደሆነና ምን እንደነካ ግን አልያዘም። በመጠባበቂያው ቅጂ ላይም አዲሱ ስም አሮጌውን ተክቶታል።

ሴትዮዋ ሲከሱ ፍርድ ቤት ቀርቤ በዓይኔ ያየሁትን መሰከርኩ። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙኝና ኮምፒውተሩ ያን ቀን የሰጠው መልስ የተቀመጠበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። መልሱ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ስክሪኑ ሲዘጋ ይጠፋል። ማሳው ለወንድምየው ተፈረደ፤ በዚያው ዓመት አርሶ ዘራበት።

ከዚያ በኋላ ለየሠራተኛው የራሱን መግቢያ ሰጠሁ። ማን ምን እንደጠየቀ፣ ምን መልስ እንደወጣለት፣ ማን ምን እንደቀየረ መዝግቦ የሚያስቀር ሰንጠረዥም ሠራሁ። ኃላፊያችን አመሰገኑኝ።

ሴትዮዋ ገበያ በወጡ ቁጥር ይመጣሉ። እስቲ ዛሬ ደግሞ እይልኝ ይሉኛል። ያው ነው ብላቸውም አይሄዱም፤ እፈልጋለሁ። የወንድምየው ስም ይወጣል። ሰንጠረዡም ጠያቂው እኔ መሆኔን፣ መልሱም ያ ስም መሆኑን አንድም ሳያጎድል ይይዛል። ሐሰቱ በእኔ ስም እየተደራረበ ነው።

ባለፈው ከዚህ በኋላ ባልፈልግላቸው እንደሚሻል ላስረዳቸው ሞከርኩ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና፣

«ያን ጊዜ ግን አይተኸው ነበር አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።