አራት ጣት

አክስቴን የሐይቁ ሰው በሙሉ «አራት ጣት» ነበር የሚላት። ሲጠሯት የሰማ እንግዳ አንዱን ጣቷን ዓሣ የበላባት ይመስለዋል። አምስቱም ነበሩ፤ ያውም እንዴት ያሉ ጣቶች! በመረብ ክር ተቆራርጠው የደደሩ፣ አንዱ ብቻውን የእኔን ሁለት የሚያክል። ስሙ የወጣላት መረብ ስትሠራ ዓይኑን፣ ቀዳዳውን ማለቴ ነው፣ በጣቷ ስለምትለካ ነው። አራት ጣቷ አንድ ላይ ካላለፈ ፈትታ እንደገና ትቋጥራለች። ዓሣው እያነሰ ሲመጣ ሌላው አጥማጅ የመረቡን ዓይን ወደ ሦስት፣ ከዚያም ወደ ሁለት ጣት አጠበበው። እሷ ወይ ፍንክች!

«ትንሹ ይለፍ፤ አድጎ ይመጣል» ትላለች።

«መቼ ነው የሚመጣው?» ይሏታል እየሳቁ። «ደብዳቤ ጻፈልሽ እንዴ?»

እኔ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሲዘጋ እሷ ጋ ገባሁ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ከአልጋው በላይ መረብ፣ ከበሩ ኋላ መረብ፣ ወንበር ስትስብ እግርህ መረብ ውስጥ ይገባል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ግትር አሮጊት ነበር የምትመስለኝ።

ጭንቀታችን የገበያው መደብ ነበር። ሠላሳ ዓመት ዓሣ የሸጠችበት መደብ ነው። ግን በገበያው ደንብ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ያልሞላ መደብ ለሌላ ይሰጣል። እኛ ሁለቱን ቅዳሜ ግማሹን እንኳ አልሞላነውም። ከሩቅ በመኪና የበረዶ ዓሣ የሚያመጣው ነጋዴ መደባችንን በእርምጃ ሲለካ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ደሜ ፈላ።

ከእኛ ብሶ የተጨነቀው አጠገባችን የሚሸጠው ሽንኩርት ገበሬ ነው። የአክስቴን ዓሣ ጭንቅላትና አንጀት ስንት ዓመት ማሳው ውስጥ ሲቀብር ኖሯል፤ እሷም ከዚያው ማሳ ሽንኩርትና ቲማቲም ትበላለች።

«የበረዶው ዓሣ ጭንቅላት የለው፣ አንጀት የለው!» አለ። «መሬቴን ምን ላብላት?»

የምንጎትተው መረብ አርጅቶ ነበር። በተለይ ሆዱ፣ ማለት ዓሣው የሚሰበሰብበት መሀሉ፣ አዲስ መሆን ነበረበት። አክስቴን ወገቧን ስላመማት ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። «በአራት ጣት» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ክር ሊያቅተኝ ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ስቋጥር ሰነበትኩ። እያንዳንዱን ዓይን በአራት ጣት ለካሁ፤ በራሴ አራት ጣት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ሲነጋ መረቡን በጀልባ ዘርግተን ገመዱን ከዳር እንጎትት ጀመር። አንዱን ጫፍ ሽንኩርት ገበሬው፣ አንዱን እኔ። አክስቴ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ትመራናለች። አቤት ክብደቱ! ሆዱ ሲጠጋ ውሃው ተርመሰመሰ።

«ሞላ!» ብዬ ጮህኩ። «መደባችን ተረፈ!»

አክስቴ እጇን ሰድዳ አንድ ዓሣ አነሳች። መዳፍ የምታክል ጫጩት ናት። ከዚያ ጣቶቿን በመረቡ ዓይን አስገባች። ሁለቱ ገቡ፣ ሁለቱ ቀሩ። ቀና ብላ እጄን አየች፤ እኔም እጄን አየሁ። ወይኔ ጉዴ!

«አክስቴ፣ ለዛሬ ብቻ!» አልኳት። «ሁለተኛ አይለመደኝም። መደቡ ሊሄድብን ነው እኮ!»

«እነዚህ ገና ልጆች ናቸው» አለችና ከወገቧ ቢላዋዋን አወጣች።

ሆዱን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። ያ ሁሉ ድካሜ! በር ከፍቶ እንደሚይዝ ሰው ጠርዙን በሁለት እጇ ከፍታ ቆመች። ጫጩቶቹ በእግሮቿ መሀል፣ በወገቧ ዙሪያ ጎረፉ፤ የሐይቁ ዳር ሁሉ አበራ። እኔ የያዝኩትን ገመድ ለቀቅኩ። ሽንኩርት ገበሬውም ገመዱን ለቆ ባርኔጣውን አወለቀ። የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ አክስቴ አልተንቀሳቀሰችም። ሴትዮዋን ያወቅኳት ያን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጋ እየኖርኩ ስነጫነጭ መክረሜ አሳፈረኝ።

በመረቡ ዳርና ዳር ተይዘው የቀሩ ዘጠኝ ትልልቅ ዓሣዎች ይዘን ገበያ ሄድን። የገበያው ኃላፊ አቀርቅሮ መጣ።

«እማማ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው…»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ።» ውሃ አምጥታ መደቡን ለነጋዴው አጥባ፣ ወልውላ አስረከበችው። እንባዬ መጣ።

ሽንኩርት ገበሬው ግማሹን ሽንኩርቱን መሬት ላይ ዘረገፈና በራሱ መደብ ላይ ቦታ ለቀቀላት።

«ነይ፣ ተቀመጪ። ጭንቅላቱን ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ!»

አክስቴ ሳቀች። ከሽንኩርቱ ሳጥን አንድ ጣውላ ነቅላ አራት ጣቷን ገጥማ ዘረጋችበት።

«በእርሳስ አስምሪና በልኩ ቁረጪው» አለችኝ። «ያንቺ ጣት ከእንግዲህ አያድግ፤ እኔም ሁልጊዜ አልኖርልሽ።»

ካረፈች ይኸው ሦስት ዓመት ሆናት። ይስቁባት ከነበሩት አጥማጆች ሁለቱ ባለፈው መጥተው በእንጨቱ ልክ ሌላ ቆርጠው ወሰዱ። እኔ አሁንም ከሽንኩርት ገበሬው ጋር በአንድ መደብ እሸጣለሁ። መረብ ስጀምር መጀመሪያ አራት ጣቴን እንጨቱ ላይ አኖራለሁ። እንጨቱ ዛሬም ከጣቶቼ ይተርፋል።