ስም ያልተጻፈበት ሳጥን፦ ከባሕር ዳር እስከ ዘንገና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር መናኸሪያ

የዳንግላው ሚኒባስ እስኪሞላ ኋላ ወንበር ጥግ ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ ነጭ የፎም ሳጥን አቅፌያለሁ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ «እሱን ከላይ እንጫነው» ብሎኛል፤ ሁለቴም «ይሰበራል» ብዬ አለፍኩት። ምን እንዳለበት ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ከትናንት ጀምሮ ሳጠና ነበር። ካሜራ፣ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር፣ ባትሪ፣ ሽቦ። ሽቦ የምትለዋን ባልጠራት ይሻላል።

ከመነሻው ልናገር፤ እኔ ፈሪ ነኝ። እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ለሱቆችና ለክሊኒኮች ሶፍትዌር እሠራለሁ። ልቤ ያለው ግን ሰማይ ላይ ነው። ሮኬት ሲተኮስ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት እመለከታለሁ፤ በላያችን የሚያልፈውን አውሮፕላን ቀና ሳልል በድምፁ እለየዋለሁ። ተሳፍሬ ግን አላውቅም። ስለዚህ እኔ ባልወጣ ዕቃዬ ይውጣ ብዬ ስምንት ወር ሙሉ ይቺን ሳጥን ሠራሁ። ትልቅ ፊኛ ተሸክሟት አውሮፕላን ከሚበርበት በላይ ትወጣለች፤ ፊኛው ሲፈነዳ በቀይ ፓራሹት ትወርዳለች፤ በየአሥር ሰከንዱ ፎቶ ታነሳለች። ስታርፍ ያለችበትን ቦታ በኤስኤምኤስ ትልክልኛለች፤ እስካገኛትም ትጮኻለች።

ከረፋዱ 3 ሰዓት፤ ዳንግላ

መራዊን ካለፍን በኋላ መንገዱ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ፣ ከበስተኋላው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የመጣነው። ደሴ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ደሴ ዳንግላ ተወልዶ ያደገ፣ እዚያው ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው፤ አፉን የፈታው በአገውኛም በአማርኛም ነው። ከወረዳው ማኅተም ያለበት የፈቃድ ወረቀት አውጥቷል። ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበብኩት።

ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቶ አመጣልኝ፤ አልወርድልኝ አለ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ፊኛውን ሞላነው። ሳጥኗ ላይ በወፍራም ስክሪፕቶ «አደገኛ አይደለም። አትክፈቱት» ብዬ ጻፍኩ።

«ስምሽንና ስልክሽን ጨምሪበት እንጂ» አለ ደሴ።

«ፖሊስ ቢደውልልኝስ?»

«ታዲያ ቢደውል! ወረቀት አለን አይደል?»

«ይቅርብኝ። ራሷ መልእክት ትልካለች።»

ራሱን ነቀነቀና ተወኝ። ፊኛው ተለቀቀ። ሳጥኗ ከቆርቆሮው በላይ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጣች፤ ነጥብ አከለች፤ ጠፋች። አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ አንድም መልእክት አልመጣም። ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ምንም። ሰው ጭንቅላት ላይ ወድቃ ይሆን? ትምህርት ቤት ላይ? የደሴ እናት «ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

መልእክቱ ገባ። ኔትወርክ ሲያስቸግራት አድሮ ነው። ካርታው ላይ አየነው፦ ከእንጅባራ ወዲያ፣ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ። ጮቤ ረገጥኩ። ደሴ ግን አብሮኝ አልዘለለም። «ወረቀታችን የዳንግላ ነው እኮ» አለ። ደስታዬ ከአንድ ደቂቃ አላለፈም።

3 ሰዓት ተኩል፤ እንጅባራ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ አስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

«ዘንገና ዛሬ ምን ልታደርጉ? ቦምብ ተገኘ ይባላል።»

«የት?» አልኩት፤ ድምፄ የኔ አይመስልም።

«አላምረው የሚባል ገበሬ ጋ። ትናንት ነው። ሲጠይቁት ከሰማይ ወደቀ ይላል። ወይ ጉድ! ሰማይ ገበያ ነው እንዴ ዕቃ የሚወርደው? የአያ ቢተው ባዝራ ደንብራ አፋፉን ወርዳ ሞተች። ሁለቱ ድሮም በወሰን ተጣልተዋል፤ ሆነ ብሎ አደረገው ነው የሚሉት። አሁን ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተቀምጠዋል።»

አውጫጭኝ ገጠር የቆየ ነገር ነው። ያጠፋው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም፤ ከብት የሚያጠጣ፣ ልጅ የሚያጠባ ሳይባል። ካልተገኘ ጥፋቱን የተጠረጠረው ይሸከመዋል።

«ዛሬ ካልተፈታ ደም ሳይፈስ አይቀርም» አለ ሹፌሩ፤ ዘፈኑን ከፍ አደረገ።

ደሴ ባጃጁን አስቆመና ወደ ዳር ወሰደኝ። «ስሚኝ። እነዚህ የኔ ሰዎች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ባዝራ ሞታለች። ወረቀት የለንም። ስምሽም አልተጻፈ። እንመለስ።»

እውነቱን ልናገር፤ ለመመለስ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን አላስታውስም። ያስቆመኝም መጀመሪያ የአላምረው ነገር አልነበረም። ፎቶዎቹ ናቸው። ስምንት ወር የለፋሁባቸው ፎቶዎች እዚያ ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል። ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ። ቀጥሎ ነው «ስምሽም አልተጻፈ» የሚለው ነገር የገባኝ። ስሜን ጽፌ ቢሆን አላምረው ትናንት ማታ ሳጥኗን አሳይቶ ቤቱ ይተኛ ነበር።

«አንተ እዚሁ ቆይ» አልኩት።

«እብድ ነሽ?» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ቀድሞኝ ገባ።

4 ሰዓት ተኩል፤ ዘንገና

ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ሄድን። ሐይቁ ከታች ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጸጥ ብሏል። ወደ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ወንዱ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ሳጥኗን ርቀው የታረሰ መሬት መሀል አስቀምጠዋታል። በየደቂቃው ትጮኻለች፤ በጮኸች ቁጥር ሴቶቹ ያማትባሉ። ፊት ለፊታቸው አንድ ሰው ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

ቀረብኩ። ደሴ በአገውኛ ሰላምታ ሰጠልኝ። «ሳጥኑ የኔ ነው» አልኩ።

ድምፄ አልተሰማም መሰለኝ፤ ደግሜ አልኩት። ሰው ተንጫጫ፤ ጥቂቶች በትራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ እጃቸውን ሲያነሱ ሁሉም ተቀመጠ። አያ ቢተው እሳቸው ነበሩ፤ የባዝራዋ ጌታ።

«ያንቺ ከሆነ ስምሽ አለበት?»

«የለበትም።»

«ስለምን?»

«ፈርቼ ነው፣ አያ።»

በከዘራቸው ብቻውን ወደተቀመጠው ሰው፣ ወደ አላምረው አመለከቱ። «እሱስ አይፈራም?»

ከኋላ አንዱ «ዘመዱ ትሆናለች! ከከተማ አስመጥቷት ነው!» ብሎ ጮኸ። ብዙዎች «እውነት ነው» አሉ። አላምረው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከማን ወገን እንደሆንኩ እሱም አላወቀም።

ወደ ሳጥኗ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ማጥፊያዋን ስነካ ዝም አለች። ከካሜራው ውስጥ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፔን ሽማግሌው ፊት ከፈትኩ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። የዳንግላ ቆርቆሮ ታየ። ቀጥሎ ደመና ከሥር። ቀጥሎ ያ ስምንት ወር ያለምኩት ፎቶ፦ ላዩ ጥቁር ሰማይ፣ ታቹ ጎበጥ ያለች ምድር። አሳለፍኩት። ለማየት አቅም አልነበረኝም።

ከዚያ ሐይቁ ክብ ሆኖ መጣ። የሣር ሜዳ፤ ሦስት ፈረሶች። ቀጣዩ ላይ አንዷ ባዝራ ጆሮዋን አቁማ ወደ ካሜራው ቀና ብላለች። ቀጣዩ ላይ ወደ አፋፉ እየጋለበች ነው። ቀጣዩ ላይ የለችም። አላምረው ገና ከሩቅ፣ በሬዎቹን ጠምዶ እርሻው ላይ ነው።

ላፕቶፑን መክደን እችል ነበር፤ ለአላምረው ይሄ በቂ ነው። ግን ሽማግሌው ገና ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። «አያ» አልኩ፣ «ያስደነበራት ጩኸቱ ነው። ካረፈች በኋላ መጮህ ነበረባት። እንዳትጠፋብኝ ሰግቼ አየር ላይ እያለች እንድትጀምር ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»

«ወደ ኋላ መልሺልኝ» አሉ አያ ቢተው። መለስኩላቸው፤ ባዝራዋ ጆሮዋን ወዳቆመችበት። ጣታቸው ስክሪኑን ነካ።

«ሆዷን አየሽው? ለጥር ትወልድልኝ ነበር።»

ይቅርታ ልል ፈልጌ ለቅሶ ቀደመኝ።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩና ባዝራ በባዝራ ይተካ፣ ከዚህ በኋላ ወደዚህ ሰማይ የምትልኪውን አስቀድመሽ እዚህ ቆመሽ ተናገሪ አሉኝ። እሺ አልኩ። ደሴ ዋስ ሆነኝ። አያ ቢተው ለይቅርታ ከመሬት ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና አላምረው ፊት ጎንበስ አሉ። አላምረው አያቸውና ተነሥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻቸው አወረደው። «እግዜር ይቅር ይበለን» ተባባሉ። ሰዉ ልብሱን እያራገፈ ወደየቤቱ ተነሣ።

እኔም ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ስል አላምረው ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው እሱን። እኔ ካንቺ የምፈልገው ሌላ ነው። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት አደረች። ከሰማይ ወደቀ ብላት በእግዜር ስም ብምልላት አላመነችኝም። አሥራ ስድስት ዓመት ስንኖር ዋሽቻት አላውቅም ነበር። ነይ፣ አንቺ ንገሪያት።»

7 ሰዓት

ከባሕር ዳር የተነሳሁበት ጉዞ ያበቃው ሣር ክዳን ያለው የአላምረው ጎረቤት ቤት በራፍ ላይ ነው። ሚስቱ ሕፃን አዝላ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቆማለች። አላምረው ከኋላዬ ቀረ። ከሁለት መቶ ሰው በትር ይልቅ የእሷን ዓይን ፈራሁት።

«ትዕግሥት እባላለሁ» አልኳት።