በገብርኤል ሥዕል የተሸፈነው መጽሐፍ

ገዳም ውስጥ ሰው የሚገደልበት፣ ጳጳስ ምሥጢር የሚደብቅበት ልብ ወለድ እወዳለሁ። ፊልም ሆኖ ሲወጣም አያለሁ። ከእምነቴ ጋር ተጣልቶብኝ አያውቅም፤ የሚጣሉኝ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስገዛ ዓመቱ ባለፈበት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር እሸፍነዋለሁ።

በቀደም ፒያሳ አካባቢ ሆስፒታል የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቅኩ ሳነብ፣ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ልጃቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። ሽፋኑ ላይ ቅዱስ ገብርኤልን ሲያዩ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ተሳለሙት። ወረቀቱ ሸተት ሲል ተቀብዬ ቶሎ አስተካከልኩት።

«መነጽሬን ረስቼ መጣሁ። እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉ።

የደረስኩበት ገጽ ላይ አበምኔቱ ታንቀው ተገኝተዋል። ልጃቸው ቢላዋ ሥር ላለ እናት ይህን እንዴት ላንብብ? ገጹን እየገለጥኩ በቃሌ የማውቀውን ዳዊት አነበነብኩ። ላብ አጠመቀኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና ስጨርስ «አሜን» አሉ።

ከዚያ የቀዶ ጥገናውን በር እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዳዊቱን እኔም በቃሌ እደግመዋለሁ። ሽፋኑ ሲንሸራተት መጽሐፉን አውቄዋለሁ፤ ልጄም ይህንኑ እንዳንተው በካላንደር ሸፍኖ ነው የሚያነበው። ፊልሙን አብረን አይተነዋል። እዚያ ላይ ገዳዩ መጋቢው ነው፤ መጽሐፉ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው ይለኛል። በል ካቆምክበት አንብብልኝ። መጨረሻውን ግን አደራህን እንዳትነግረኝ፤ እሱን ልጄ ሲወጣ ነው የሚነግረኝ።»