ሳይዞር ያረፈው አውሮፕላን

ዛሬ ዓለም ከተማ ላይ አውሮፕላኑ አንዴም ሳይዞር መጥቶ አረፈ። በጎቹ ገና ከሜዳው አልወጡም ነበር።

የድሮው ካፒቴን አንዴ ከላያችን ዞሮ ነበር የሚያርፈው፤ እሱ እስኪዞር እኛ ከብቱን እናስወጣለን። አለቆቹ «ነዳጅ ታባክናለህ» እያሉ ቢያዋርዱት ጥሏቸው ሄደ።

የኩባንያውን ወኪል «ለምን አትመልሱትም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «መምህር፣ አብራሪ ሞልቷል» አለኝ። ባለበጎቹም በግ ሞልቷቸዋል ማለት ነው።

አዲሱ አብራሪ ገና ልጅ ነው። ወርዶ ጎማው የደፈጠጣቸውን በጎች አየና ወዲያው ሰዓቱን ተመለከተ። ከዘገየ ይቀጡታል አሉ።

የጀማን ወንዝ ገደል በበቅሎ ከመውረድ ይሻላል ብዬ የቆረጥኩት ቲኬት እጄ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት የተሳፈረ ካለ ቶሎ ይንገረኝ፤ ስሜ እየተጠራ ነው።